ረጅም ዕድሜ ያለው ጆይስቲክ ቅንጦት አይደለም

አዲስ ጆይስቲክ በተዋወቀ ቁጥር የጌም ኢንዱስትሪው የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ሳምንት ነው። እጅ ላይ አቀማመጡ እንዴት ነው? ንዝረቱስ? ምን አዲስ ነገር ተጨመረ? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳቶሩ ኢዋታ በኋላ ዊ የተባለውን ኮንሶል መቆጣጠሪያ ቶኪዮ ላይ ሲያሳዩ ባለሙያው የተከራከረው እጅ እያወዛወዙ መጫወት ያዋጣል አያዋጣም በሚለው ነበር። ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በ2020 ሶኒ የፕሌይስቴሽን 5ን ጆይስቲክ፣ ዱዋልሴንስን፣ ሲያመጣ ደግሞ ጣት ሲጫነው እንደ ጨዋታው የሚከብድና የሚቀል ቁልፉ ብዙ አድናቆት አገኘ። ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለው ጥያቄ ከጀርባ ቀረ።

ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፕሌይስቴሽን የሚወድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ኮንሶል የለውም፤ ብሎኩ ሥር ካለችው ጌም ቤት ገብቶ በጨዋታ እየከፈለ ይጫወታል። ቅዳሜና እሁድ አንዱ ጆይስቲክ ከጠዋት እስከ ማታ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ይውላል። የግራው ስቲክ (በአውራ ጣት የሚገፋው ትንሽ ዘንግ) ላስቲክ ተልጦ ፕላስቲኩ ሲወጣ ባለቤቱ ከብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ያለብሰዋል። በእግር ኳሱ ጨዋታ ማንም ስቲኩን ሳይነካው ተከላካዩ ወደ መስመር መንሸራተት ሲጀምር ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ጆይስቲክ ይቀያየራሉ፤ ጉዳቱ ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ።

ችግሩ የታወቀ ነው። በአብዛኞቹ ጆይስቲኮች ውስጥ የስቲኩን አቅጣጫ የሚለካው ፖቴንሾሜትር ነው፤ ቀጭን የብረት ምላስ በካርቦን ንጣፍ ላይ እየተፋተገ ይሠራል። ንጣፉ ሲበላ ስቲኩ ሳይነካ የሚያርፍበት መሐል ይጠፋል፣ ኮንሶሉም ስቲኩ የተገፋ ይመስለዋል። አይፊክስት የተባለው የጥገና ድርጅት በ2021 ዱዋልሴንስን ፈትቶ ሲመረምር ስቲኩ ለ2 ሚሊዮን ዙር የተሠራ መሆኑን ጠቅሶ፣ ጥድፊያ በበዛበት የተኩስ ጨዋታ ይህ መጠን በ417 ሰዓት ገደማ እንደሚሞላ አሰላ። አውሮፓ ውስጥ በቀን ሁለት ሰዓት ለሚጫወት ልጅ ይህ ሰባት ወር ይሆናል። በቀን 10 ሰዓት ክፍት ለሆነች ጌም ቤት ግን አንድ ወር ተኩል እንኳ አይሞላም! የእግር ኳሱ ጨዋታ ስቲኩን እንደ ተኩሱ ባያሠቃየውም፣ ልዩነቱ የት እንዳለ ይታያል።

ጠጋኙ ጋ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ስቲኩ ከቦርዱ ጋር በ14 ነጥብ ተበይዷል። ሁሉንም አሙቆ ማላቀቅ፣ ቦርዱን ሳያቃጥሉ አዲሱን መበየድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያም መሐሉ ካልተስተካከለ አዲሱም ስቲክ ሊሸሽ ይችላል፤ ማስተካከያውን እንኳ ጠጋኞች የሚያገኙት በጎ ፈቃደኞች ከሠሩት ፕሮግራም ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምን ያህል እንደናረ ማንም ያውቃል። አዲስ ግዛ ማለት ለዚህች ቤት መልስ አይሆንም።

የሚያናድደው መድኃኒቱ አዲስ አለመሆኑ ነው። በማግኔት የሚለካ ስቲክ ፍትጊያ የለውም፤ የሚሠራበት የሆል ክስተት የታወቀው በ1879 ነው፣ ሴጋም በ1998 በወጣው ድሪምካስት የተባለ ኮንሶሉ ጆይስቲክ ላይ ተጠቅሞበታል። እንደ ጉሊኪትና ኤይትቢትዱ ያሉ አነስተኛ ኩባንያዎች ዛሬ ከትልልቆቹ ባነሰ ዋጋ ይሸጡታል። ኒንቴንዶ ግን ስዊች የተባለው ኮንሶሉ በመጀመሪያ የመጣበት ጆይስቲክ፣ ጆይኮን፣ ስቲኩ በመሸሹ ምክንያት ፕሬዚዳንቱ በ2020 ይቅርታ ጠይቀው፣ የአውሮፓ ሸማቾች ማኅበርም በ2021 ወደ 25,000 የሚጠጋ ቅሬታ ይዞ ከቀረበ በኋላ እንኳ፣ በ2025 የወጣውን ስዊች 2 ያለ ሆል ስቲክ ሸጠ። ሶኒ በ2023 ስቲኩ ያለ ብየዳ ተነቅሎ የሚቀየርበትን ዱዋልሴንስ ኤጅ አመጣ፤ ዋጋው 200 ዶላር። መደበኛው ሲወጣ 70 ነበር። ዕድሜ እንደ ጌጥ ለብቻው ተሸጠ ማለት ነው፤ ይህን አልቀበልም።

በኅዳር 2025 የጌም ኩባንያው ቫልቭ ስቲም ማሽን ከተባለው መጫወቻው ጋር ያስተዋወቀው ጆይስቲክ ማግኔታዊ ስቲክ ይዟል። ለዚህ የሚሰጠው ምስጋና ወደ ሶኒና ኒንቴንዶ ጫና መለወጥ አለበት። ገምጋሚዎችም ውጤት የሚሰጡት ከመቶዎች ሰዓት በኋላ፣ ጆይስቲኩን ፈትተው አይተው ይሁን። የኤጅ ተነቃይ ስቲክ የሚሸጠው በ20 ዶላር ነው፤ እሱን የሚቀበል ቀዳዳ በመደበኛው ጆይስቲክ ላይ ቢኖር የየካ አባዶው ባለጌም ቤት ብየዳ ሳያስፈልገው ራሱ ቀይሮ ከሰዓት ሥራውን ይቀጥላል።