የቀበሌ መዝገብ ብቻውን አይበቃም
«ቆጣሪዎቹ የቀበሌውን የቤት መዝገብ ይዘው ከወጡ የሚቀር ሰው አይኖርም» የሚለው ስለ ሕዝብ ቆጠራ የወጣው ጽሑፍ ሐሳብ ባሕር ዳርን ለሚያውቅ ሰው አይዋጥም። መዝገቡ የተመዘገበውን ብቻ ነው የሚይዘው። ከግቢው ጀርባ በተደረደሩት ሰርቪስ ክፍሎች የሚኖሩትን ተከራዮች፣ አንዳንድ አከራይ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ስለሚሰጋ አያስመዘግባቸውም። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ማን ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደወረደ፣ የትኛዋ ሰሞኑን እንደወለደች የሚያውቁት የዕድር ዳኞቹና ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ናቸው። ተከራይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕድር አይገባም፣ ስለዚህ ከዳኞቹ ይልቅ ቡና የሚጠራሩትን ሴቶች መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ጣና ሐይቅ ላይ ነገሩ ይብሳል፦ ደቅ ደሴት ያለ ጀልባ አይደረስም፤ ዘጌ ጫካ ውስጥ በጎጆ የሚያድሩትን የአብነት ተማሪዎች ከየኔታ በላይ የሚያውቃቸው የለም፤ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ጋ ደግሞ የራሳቸው ሽማግሌዎች ቀድመው ካልገቡ በሩን የሚከፍት አይገኝም። «ቆጠራ ለእኛ ምን ይጠቅመናል» ለሚል ደግሞ፦ በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልላችን ሕዝብ ከተጠበቀው አንሶ መገኘቱ ምክር ቤት ድረስ አከራክሯል። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም አራተኛው ቆጠራ 2010 ላይም 2011 ላይም ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ ለክልል በጀት ድጎማም ሆነ ለጤና ጣቢያችን የሕፃናት ክትባት ዕቅድ መነሻው ያው ከ1999 እየተሰላ የመጣ ግምት ነው።