የ5 ደቂቃ ቁርስ ነው ያላችሁኝ ሰዎች

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። አጃ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት መብላት ቀላል ነው የምትሉ የቪዲዮ ሰዎች፣ ወጥ ቤታችሁ የት አገር ነው?

ግማሽ ኩባያ ኦትስ ትላለች ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ፣ ያው አጃውን ማለቷ ነው። እሺ። ግማሽ ኩባያ የአልሞንድ ወተት። አንድ ማንኪያ ቺያ የሚሉት ደቃቅ ፍሬ። ሜፕል ሽሮፕ ጠብ። ላዩ ላይ ብሉቤሪ። ከዚያ ፈገግ ብላ "ርካሽና ፈጣን ቁርስ!" ለማን ነው ርካሹ? እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ብሉቤሪ ፍለጋ ከምዞር ሙዝ ቆርጬ ብጨምርበት ምን ይለኛል? ቺያውስ ቢሆን፣ ተልባ እያለ? ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ አንድ ማንኪያ ጣል ሲደረግበት ያው ወፈር ይላል። ይሄን ግን በራሳችን ቋንቋ የሚያስተምሩን እንኳ አይነግሩንም። የፈረንጁን ዝርዝር እንዳለ ገልብጠው ነው የሚያነቡልን።

ኦትሱ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ባለሱቁን "ኦትስ አለ?" ስለው "ኩዌከር ነው?" ብሎ ያገኘውን ያቀብለኛል። ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ግን አንድ አይደለም! ሙሉ ፍሬው ተዳምጦ ጠፍጣፋ የሆነው ሲያድር ቅርጹን እንደያዘ ይለሰልሳል። ቶሎ እንዲበስል ተሰባብሮ የደቀቀው ደግሞ ሌሊቱን ወተቱን ምጥጥ አድርጎ ጠዋት ሙጫ ሆኖ ይጠብቅሻል። የአጃ ቅንጬ ቤት ካለሽም በቀዝቃዛ ወተት ብቻ እሺ አይልም፤ ማታ ትንሽ ማፍላት አለብሽ። ታዲያ 5 ደቂቃው የት ገባ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የመብራቱ ነገር ነው። "ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት" ብለው ያልፋሉ። አንድ ቃል ናት ለእነሱ። እኔ ማታ በፌስታል የሚሸጠውን ወተት ገዝቼ፣ ዘፍዝፌ፣ ከድኜ ፍሪጅ አስገባለሁ። መብራት ይጠፋል። መቼ እንደጠፋ አላውቅም፣ ተኝቻለሁ። ጠዋት ፍሪጁ ለብ ብሏል፣ አጃው ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። እርጎ ሆኗል ልበል ወይስ ተበላሽቷል? ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም ይባላል፤ መብራቱ የጠፋበትን ሰዓት የሚነግረኝ የለ! ደፍቼው ባዶ ሆዴን ታክሲ ሰልፍ እሄዳለሁ። የወተቱን ዋጋ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጾሙንም አትርሱ። ረቡዕና አርብ ወተት የለም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው እኮ ቁርስ የሚባል ነገር የለውም። በሱፍ ወተት ሞክሬዋለሁ፣ እውነቴን ነው ይጣፍጣል። ግን ሱፉን ቀቅሎ፣ ወቅጦ፣ አጥልሎ... በዚህ ሰዓት አንድ ድስት ሽሮ ይወጣኝ ነበር።

በጣም የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? ይሄን ነገር ያስለመደው ሐኪም ይሄን ሁሉ ጣጣ አላዘዘም። የስዊዘርላንዱ ማክሲሚሊያን ቢርቸር ቤነር ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1900 አካባቢ ዙሪክ ውስጥ ለሕሙማኑ ይሰጥ የነበረው ምግብ ነው። አንድ ማንኪያ አጃ በውሃ ዘፍዝፎ 12 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። በውሃ! ከዚያ ሎሚ፣ የተፈጨ ለውዝ፣ ከነልጣጩ የተፈቀፈቀ ፖም። ወተቱ የቆርቆሮ ጣፋጭ ወተት ነበር፣ እሱም የሚገባው ሲበላ ነው። ዋናው ነገር ፖሙ ነበር፣ አጃው አጃቢ ነው። ብሉቤሪ የሚባል ነገር የለበትም።

ስለዚህ እኔም ወተቱን ትቻለሁ። ማታ አጃና ተልባ በውሃ፣ ሎሚ ጠብ። ጠዋት ሙዝ፣ ማርና የተፈጨ ኦቾሎኒ። የፍስክ ቀን ከሆነ ወተቱን ያኔ ከፌስታሉ ቀድጄ ነው የማፈስበት። አክስቴ አይታኝ "ገንፎ ቀዝቅዞ? ያውም ያለ ቅቤ? ምን በደልሽ ልጄ?" አለችኝ። እሷን ችያታለሁ።

ያልቻልኩት ወንድሜን ነው። "ይሄ የበሽተኛ ምግብ" እያለ ቀን ሲያሾፍብኝ ውሎ፣ ሌሊት ፍሪጅ ከፍቶ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። አንተ ልጅ፣ ይሄን እንደምታነበው አውቃለሁ። መብላቱን ብላ፣ ግን ብርጭቆውን እጠበው። አጃ ከደረቀበት በኋላ በሽቦም አይለቅም!