ፍሬሽ ፕሪንስን ስናስታውስ አንክል ፊልን አንርሳ

በ1990ዎቹ ወይም በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ያደገ አበሻ ፊት «ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ኦፍ ቤል ኤር» በሉ እስቲ። ፊቱ ወዲያው ይፈካል። የመግቢያውን ራፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጣዋል። ከዚያ የካርልተንን ዳንስ ያነሳል፣ እጁንም ማወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ቀጥሎ ጃዝ የሚባለው የዊል ጓደኛ ከበር ተወርውሮ የሚወጣበትን ያወራል። እኔም እነዚህን ሁሉ እወዳቸዋለሁ፣ ዛሬም ሳያቸው እስቃለሁ። ግን ስለዚህ ተከታታይ ኮሜዲ በተወራ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለኛል። ይሄ ከሁሉም በፊት ዘመድ ቤት ስላደገ ልጅ የተሠራ ታሪክ ነው። ዘመድ ቤት ማደግን ደግሞ እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ ስለዚህ ከሳቁ ስር ያለውን ነገር ቀድመን ማየት የነበረብን እኛ ነን።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዊል የዌስት ፊላደልፊያ ልጅ ነው፣ የምታሳድገውም እናቱ ብቻዋን ናት። ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ከሰፈር ጉልበተኞች ጋር ይጣላል። እናቱ ትፈራለች፤ ልጇን ሎስ አንጀለስ፣ ቤል ኤር የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ እህቷ ቤት ትልከዋለች። የእህቷ ባል ፊሊፕ ባንክስ፣ ዊል አንክል ፊል የሚለው፣ ጠበቃ ነው፣ በኋላ ዳኛ ይሆናል። ሂላሪ፣ ካርልተን እና አሽሊ የሚባሉ ልጆች አሏቸው። ጄፍሪ የሚባል፣ ምላሱ የማይቻል እንግሊዛዊ የቤት ሠራተኛም አለ። በኤንቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1990 ጀመረ፣ ሜይ 20 ቀን 1996 አለቀ። ስድስት ሲዝን፣ 148 ክፍል።

የታሪኩ መነሻ እውነተኛ ነው። ቤኒ መዲና የሚባል የሙዚቃ ኩባንያ ሰው ልጅነቱን ያለ እናት በችግር ካሳለፈ በኋላ ቤቨርሊ ሂልስ የሚኖር ሀብታም ቤተሰብ ተቀብሎ አሳድጎታል። ሐሳቡን ሙዚቀኛው ኩዊንሲ ጆንስ ይዞ ገፋበት፣ ታሪኩን ለቴሌቪዥን ያዘጋጁት አንዲ እና ሱዛን ቦሮዊትዝ ናቸው። መዲናን ያሳደጉት ነጮች ነበሩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ቤተሰቡ ጥቁር፣ ያውም ዘመድ ሆነ። ለኔ ሁሉንም ነገር የቀየረው ይሄ ለውጥ ነው። ባዕድ ቢያስጠጋህ ታመሰግናለህ፣ ያበቃል። ዘመድ ሲያስጠጋህ ግን ሌላ ሂሳብ አለው። እናትህ ትደውላለች። የአክስትህ ልጆች ከአንተ ጋር ይነጻጸራሉ። ብታጠፋ የምታሰድበው ራስህን ብቻ ሳይሆን የላከችህን እናትህንም ነው።

ዊልን የተጫወተው ዊል ስሚዝ ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር፣ ትወና አያውቅም። ራፐር ነበር፤ ከጃዚ ጄፍ ጋር ሆኖ ለራፕ የተሰጠውን የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት ወስዷል፣ ገንዘቡን ግን አጥፍቶ የግብር ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያውን ሲዝን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሌሎቹ ሲናገሩ የሱም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የሁሉንም ንግግር ሸምድዶ ስለነበር ነው። እኔ ያን ከንፈር ሳይ ደስ ይለኛል። አዲስ ቤት የገባ ልጅ ምንም ነገር እንዳይበላሽበት ሲጠነቀቅ ልክ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

እኔ ይሄን ያየሁት ሜሪላንድ፣ አክስቴ ቤት ነው። ከእናቴ ተለይቼ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በድጋሚ ይተላለፋል፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እንግሊዝኛው ቶሎ አይገባኝም፣ ቀልዱም ግማሹ ያልፈኛል። አንድ ነገር ግን ማንም ሳያስረዳኝ ገብቶኛል፦ ዊል በዚያ ቤት እንደልቡ ነው፣ ፍሪጅ ከፍቶ ያሻውን ይበላል። እኔ የአክስቴን ፍሪጅ በራሴ እጅ ለመክፈት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ማንም አልከለከለኝም። ግን የዘመድ ቤት ልጅ ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ድምፅ መቀነስ፣ ሳህን ቶሎ ማንሳት፣ ሳይጠግቡ «በቃኝ» ማለት። የአክስቴ ባል ታክሲ ይነዳ ነበር። ቤት ሲገባ አንክል ፊል ዊል ላይ እየጮኸ ከደረሰ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆሞ ያይና ከልቡ ይስቃል። «ሰውዬው እኮ ልክ ነው» ይለኛል። እኔ ጋሼ ነበር የምለው።

ብዙ ተመልካች ልብ የማይለው ነገር እዚህ ጋ ነው። አንክል ፊል ለዊል የሥጋ ዘመዱ አይደለም። የአክስቱ ባል ነው። ዘመድ ቤት የገባ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠናው የአክስቱን ፊት ሳይሆን የባሏን ነው። ለአክስት የእህቷ ልጅ ነው፣ አንጀቷ አይችልም። ባልየው ግን ወይ መርጦ አባት ይሆናል፣ ወይ አይሆንም፤ ባይሆንም ማንም አይፈርድበትም። ፊልን የተጫወተው ጄምስ አቨሪ ይሄን ምርጫ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ አሳየን።

ገና በመጀመሪያው ክፍል ይጋጫሉ። ዊል የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበረውን የማልኮም ኤክስን ፖስተር ይዞ መጥቷል፤ አጎቱን ሀብታም ሆኖ የመጣበትን የረሳ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። ይሄንንም ፊት ለፊት ይነግረዋል። ፊል ይቆጣል። ማልኮም ኤክስ ሲናገር በአካል ተገኝቶ የሰማ፣ የጻፈውንም ያነበበ ሰው መሆኑን ይነግረዋል፣ ልጁ ያለፈበትን መንገድ እንደማያውቅ ይነግረዋል። ከዚያ ፊል ሊሄድ ሲል ዊል ፒያኖው ጋ ቁጭ ብሎ የቤትሆቨንን «ፉር ኤሊዝ» ይጫወታል። ፊል ቆሞ ይቀራል። ዱርዬ ብቻ ነው ያለው ልጅ ሌላም ነገር አለው። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ኮሜዲ ውስጥ፣ በሳቅ መሃል፣ ሁለት ሰዎች አንዳቸው ሌላውን በደንብ እንዳላዩት እንዲህ አድርጎ ማሳየት ትልቅ ችሎታ ነው።

የፊልን ሚስት፣ አክስት ቪቭን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፋትም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሲዝኖች የተጫወተችው ጃኔት ሁበርት ነበረች። የተማረች፣ የምታስተምር፣ ፊልን ጭምር ዝም የምታሰኝ ሴት አድርጋ ነው የሠራቻት። ከዚያ በኮንትራት አለመግባባት ወጣችና ዳፍኒ ማክስዌል ሪድ ተተካች። ሪድ ጨዋ ተዋናይ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። ግን ከለውጡ በኋላ ለቪቭ የሚጻፍላት ነገር እየሳሳ ሄደ፤ ልጁን ወደዚያ ቤት ያመጣችው የእናቱ እህት ከታሪኩ ጥግ ያዘች። ይሄ ያሳዝነኛል። ሁበርትና ዊል ስሚዝ ለረጅም ዓመታት ተኳርፈው ቆይተው በ2020 ተዋናዮቹ እንደገና በተገናኙበት ፕሮግራም ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ታረቁ። ያንን ሳይ አለቀስኩ። የፊልን ውፍረት በየክፍሉ መቀለጃ ማድረጉም በዝቷል፤ አሁን ከልጆች ጋር ሳየው ይከብደኛል።

ከመጀመሪያው ሲዝን ሌላ የማልረሳው ኦክቶበር 1990 የተላለፈውን ነው። ዊልና ካርልተን የፊል የሥራ ባልደረባ የሆነ ሰው መርሴዲስ ይዘው ወደ ፓልም ስፕሪንግስ ሲጓዙ ፖሊስ ያስቆማቸዋል። ሁለት ጥቁር ልጆች፣ ውድ መኪና። ሰርቃችኋል ተብለው ይታሰራሉ። ዊል ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ካርልተን ግን ፖሊሶቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት ብሎ ይከራከራል፤ ካርታ ይዘን መንገዱን ብናውቀው ኖሮ አይነኩንም ነበር ይላል። በመጨረሻ አባቱን ይጠይቀዋል። ፊል፣ እሱም ፖሊስ መጀመሪያ ያስቆመው ጊዜ ራሱን ያንኑ ጥያቄ እንደጠየቀ ብቻ ነግሮት ይሄዳል። የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የሚባለውን ጥቁር ሰው ሲደበድቡ በቪዲዮ የተቀረጹት ከዚህ በኋላ፣ ማርች 1991 ነው። ማለትም ይሄ የታዳጊዎች ኮሜዲ አገሩ በሙሉ ከመጮሁ ከወራት በፊት ነገሩን ሳሎናችን ድረስ አምጥቶት ነበር። አሜሪካ ያሳደጉን ወላጆችና ዘመዶች «ሥርዓት ያለውን ልጅ ፖሊስ አይነካውም» ይሉን ነበር። በቅን ልብ ነው። ካርልተንም የሚያምነው ይሄንኑ ነበር። እኛ ቤት ስለዚህ ነገር መጀመሪያ የተወራው ያ ክፍል ባለቀ ማታ ነው፣ ጋሼም ታክሲ ሲነዳ ያጋጠመውን ያኔ ነው የነገረኝ።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚያውቀው ክፍል ልምጣ። ሜይ 1994፣ አራተኛው ሲዝን ሊያልቅ ሲል። የዊል አባት ሉ ከ14 ዓመት በኋላ ብቅ ይላል። የሚጫወተው ቤን ቬሪን ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ልጁን በጋውን ይዞት እየተጓዘ ሊያከርም ቃል ይገባል። ዊል እየበረረ ነው። ፊል ደግሞ ሰውየውን አያምነውም፤ ይህን ስላለ ዊል ይቆጣዋል፣ አንተ አባቴ አይደለህም ይለዋል። እስቲ ይሄን አስቡት። ልጁን ያበላው፣ ያስተማረው፣ ከስንት ጣጣ ያወጣው ሰው ነው ይሄን የሚሰማው። ፊል አይመልስለትም። ከዚያ ሉ ሥራ ገጠመኝ ብሎ ሊሄድ ይነሳል። ለዊል ሳይነግረው ሊሄድ ነበር፤ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ደረሰበት።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ሳየው ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ዊል መጀመሪያ ምንም እንዳልመሰለው ያደርጋል። መኪና መንዳትን፣ መላጨትን፣ መጣላትን ያለሱ ነው የተማርኩት ይላል። ቤተሰብ እመሠርታለሁ፣ ከሱ የተሻለ አባት እሆናለሁ ይላል። ድምፁ እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄድና ድንገት ይሰበራል፤ አባቱ ለምን እንዳልፈለገው ፊልን ይጠይቀዋል። ፊል መልስ የለውም። ያቅፈዋል። በቃ። ካሜራው ዊል ለአባቱ ስጦታ ወደገዛው አባትና ልጅ ወደተቀረጹበት ሐውልት ሄዶ ያርፋል።

ዊል ስሚዝ ያን ያለቀሰው የራሱ አባት ጥሎት ስለሄደ ነው እየተባለ ይወራል። እውነት አይደለም፣ አባቱ በሕይወቱ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። እሱ ራሱ የሚናገረው ሌላ ነው። በቀረጻው ጊዜ ቃሉ እየጠፋበት በራሱ ተናዶ ነበር፣ አቨሪ አረጋጋው፣ እኔን እያየህ ተጫወት አለው። ካቀፈው በኋላም ትወና ማለት ይሄ ነው ብሎ በጆሮው ሹክ አለው። ስለዚህ እቅፉ የትወና ብቻ አልነበረም። ትልቁ ትንሹን ያስተማረበትም ነው።

በ2022 ፒኮክ በሚባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ላይ «ቤል ኤር» በሚል ስም ታሪኩ እንደገና ወጥቷል፣ ዊልን የሚጫወተው ጃባሪ ባንክስ ነው። በደንብ የተሠራ ነው፣ ግን ሳቁን አውጥተው ድራማ አድርገውታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የፊተኛው ኃይል ሳቁ ውስጥ ነበር። ስትስቅ ልብህ ይከፈታል፣ ሳትዘጋጅ ነው ነገሩ የሚገባብህ። ገና ከመጀመሪያው ጨለማ ሙዚቃ ከሰማህ ግን ለሐዘን ተዘጋጅተህ ትቀመጣለህ።

በመጨረሻው ክፍል ቤቱ ይሸጣል፣ ሁሉም ይበተናል። ዊል ትምህርቱን ለመጨረስ ካሊፎርኒያ ይቀራል። ፊል ያኔ ልጄ ነህ ይለዋል፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይጨምርም። አቨሪ ዲሴምበር 31 ቀን 2013 በ68 ዓመቱ ሲያርፍ የሐዘን መልእክት የጻፉት አብረውት የሠሩ ብቻ አልነበሩም። በአካል አይተውት የማያውቁ ሰዎች አባታቸው እንደሞተ አድርገው ነበር የሚጽፉት። ኩዊንሲ ጆንስም በ2024 አረፈ።

ከልጆቻችሁ ጋር ልታዩት ካሰባችሁ የሉን ክፍል ከኢንተርኔት ቆርጣችሁ አታሳዩአቸው። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሩ። የመርሴዲሱን እዩ፣ ቆም ብላችሁም አውሩበት። ጃዝ ሲወረወር ሳቁ፣ ካርልተን ሲደንስ አብራችሁ ደንሱ። ዊል ሲያጠፋ፣ ፊል ሲጮህ፣ ዊል እንደገና ሲያጠፋ፣ ፊል እየተነጫነጨ መኪናውን አስነስቶ ሊያወጣው ሲሄድ እዩ። ፊል ለአራት ዓመት ያን ሁሉ ሲያደርግ ያላየ ልጅ እቅፉ አይገባውም።