የንግድ ፈቃድ የሙያ ፈቃድ አይደለም

«የንግድ ፈቃድ ያለው ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ የሣር ማጠጫ መስመር መዘርጋት ይችላል» በማለት የሚሰጠው ምክር በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል ስላልሆነ መታረም ይገባዋል። የንግድ ፈቃድ የሚያረጋግጠው ድርጅቱ በሕግ መመዝገቡን እንጂ ሥራውን የሚያከናውነው ሰው ችሎታው መመዘኑን አይደለም፤ የሙያ ፈቃድ በሚጠየቅባቸው ቦታዎች ሁለቱ የተለያዩ ሰነዶች ናቸው።

ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የማጠጫው መስመር ከመጠጥ ውኃ ቧንቧ ጋር በተገናኘበት ቤት፣ ዋናው ቧንቧ ተሰብሮ ወይም ለእሳት ማጥፊያ ብዙ ውኃ ተስቦ ግፊቱ በድንገት ቢወርድ፣ ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይና የእንስሳት ዓይነ ምድር የነካው ውኃ ከሣሩ ሥር ወደ ኋላ ተስቦ ቤተሰብ ወደሚጠጣው ውኃ ሊገባ ይችላል። ይህን የሚከለክለው ውኃው ተመልሶ እንዳይፈስ የሚያግድ መሣሪያ ነው፤ ተገቢውን ዓይነት መምረጥና በትክክለኛው ከፍታ መትከል ደግሞ የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ጤናን የሚነካ ጉዳይ በመሆኑ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም።

ስለዚህ የሠራተኛውን የሙያ ፈቃድ ቁጥር ተቀብለው ከሰጪው መሥሪያ ቤት ያጣሩ፤ ስሙ በውሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉንና ይህንኑ የሥራ ዓይነት መሸፈኑን ይመልከቱ። የውኃውን ግፊትና ፍሰት ሳይለካ ዋጋ የሚቆርጥን ተቋራጭ ግን፣ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ፣ እኔ አልመርጠውም።