ጉንጥፌው ለምን ተንቦለመ?

የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ተሰጥቷል። ስልክ ያለው ሁሉ አይቶታል፤ ላለማየት መንገድ የለም። «1ኛ ከ64»፣ «2ኛ ከ71»፣ ከሥሩ ኬክ፣ ከኬኩ ሥር ደግሞ «የእናቷን ጭንቅላት ወርሳ!» የሚል ጽሑፍ። የቀሩት 63 ልጆች የማንን ጭንቅላት እንደወረሱ የጻፈ ወላጅ እስካሁን አልተገኘም። ካርዱ በታደለበት አዳራሽ ዘንድሮ አዲስ ባነር ተሰቅሏል፦ «እያንዳንዱ ልጅ ይችላል!» የደረጃው ዝርዝር የተለጠፈው ልክ ከባነሩ ሥር ነው። ምስማር ተቆጥቧል።

እንግዲህ ዛሬ እናመስግን። ሁልጊዜ መንቀፍ ደግ አይደለም። ምስጋናችንም ይህን ሁሉ ጎበዝ በየዓመቱ ለሚያመርተው ለ40 ደቂቃው የምንባብ ክፍለ ጊዜ ይሁን።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። መምህሩ ገብቶ «ገጽ 47 አውጡ» ይላል፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት። አንድ ልጅ ቆሞ ያነባል፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ድምፅ ያነባል። ድምፁ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ይሰማል፤ ትምህርት እየተሰጠ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ቀጥሎ ከምንባቡ ግርጌ ያሉት ጥያቄዎች ወደ ደብተር ይገለበጣሉ፤ ይህ 15 ደቂቃ ይበላል። የመመለሻው ዘዴ አጭር ነው፦ ከጥያቄው አንድ ቃል ያዝ፤ በጣትህ እየሄድክ ያንኑ ቃል ከምንባቡ ፈልግ፤ ስታገኘው ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጥ። ቀይ እስክሪብቶ፣ ደወል፣ ሒሳብ።

ሐሜተኞች «ይህ አንብቦ መረዳት አይደለም» ይላሉ። ምቀኝነት ነው። የዘዴው አስተማማኝነት የሚታየው ምንባቡ ምንም ትርጉም በማይኖረው ጊዜ እንኳ ስለሚሠራ ነው። እነሆ ናሙና፦

«አንድ ጉንጥፌ ሸመንቶውን ተሸክሞ ወደ ቀልባሽ ወረደ። እዚያም ሦስት ድንብሎችን በቅምጮ አንጠረመ። ድንብሎቹ ስላልተገሸሩ ጉንጥፌው እጅግ ተንቦለመ።»

አንድም ነገር ካልገባችሁ አትደንግጡ፤ መግባቱ አያስፈልግም። ጉንጥፌው ምን ተሸክሞ ወረደ? ሸመንቶውን። ወዴት? ወደ ቀልባሽ። ስንት ድንብሎችን በምን አንጠረመ? ሦስት፣ በቅምጮ። ጉንጥፌው ለምን ተንቦለመ? ድንብሎቹ ስላልተገሸሩ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ «ለምን» ብሎ ስለሚጀምር በትምህርት ዕቅዱ ላይ «ከፍተኛ የማሰብ ክህሎት» በሚለው ዓምድ ተሞልቷል። እውነት ወይም ሐሰት፦ ድንብሎቹ ተገሽረው ነበር። ሐሰት! እዩት፣ ልጁ እኮ ይተነትናል።

ወደ ቃላት እንለፍ። በዐረፍተ ነገር አስገቡ፦ ተንቦለመ። «አጎቴ በበዓሉ ዕለት ተንቦለመ።» ትክክል። ተቃራኒውን ጻፉ፦ አንጠረመ። «አላንጠረመም።» ትክክል። የምንባቡ ዋና ሐሳብ? «ስለ አንድ ጉንጥፌ ነው።» ትክክል። ከምንባቡ ምን ተማራችሁ? «ድንብሎችን በጊዜ መገሸር እንዳለብን ተምረናል።» ይኸው ግብረገቡም ተካተተ። 10 ከ10፣ ከጎኑ «በጣም ጥሩ»፣ ከሥሩ ፊርማ።

ልጁ በዚህ አያበቃም። ማታ ቤት የሚመጣው አስጠኚ ጉንጥፌን በቃል ያስወጣዋል። የማጠናከሪያ ትምህርቱ «ጉንጥፌ፦ 500 ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» የሚል ጥራዝ ያድለዋል። አያቱ እንግዳ ሲመጣ «እስኪ ስለ ሸመንቶው ንገራቸው» ይሉታል፤ ይናገራል፤ ይጨበጨባል። ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ «ድንብሎች አለመገሸራቸው ያስከተለው ተንቦላሚነት፦ የቀልባሽ ወረዳ ሁኔታ» ነው። ከመርማሪዎቹ አንዱ ስለ ገጽ ቁጥሩ፣ ሌላው ስለ ፊደሉ መጠን ይጠይቁታል። ድንብል ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ነውር ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን በድንብል አስተዳደር ይይዝና ባለሙያ ይሆናል። ባለሙያ ሆኖም መምህራንን አንብቦ መረዳት እንዴት እንደሚሰጥ ሊያሠለጥን በፕሮጀክተር ይመጣል። እንዴት ያሠለጥናል? ስላይዱን ያነባል። ሠልጣኞቹ ይገለብጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሻይ አለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አንሥታለች። «መምህር፣ ቅምጮ ምንድን ነው?» ክፍሉ ይስቃል። «ጊዜ አታባክኚብን፣ ቁጭ በይ።»

የኅብረት ንባቡንም ሳናመሰግን አንለፍ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን አንድ ልጅ ብቻዋን ስታነብ አድምጧት፦ የመጀመሪያውን አጥብቃ ሁለተኛውን ካላላች በዓሉ እንዳልደረሰ ገብቷታል፤ ሁለቱንም ካላላች ድምፅ ብቻ ነው የያዘችው። «ልጁ ይመታል» ላይም እንዲሁ፦ ሲላላ መቺው፣ ሲጠብቅ ተመቺው ልጁ ነው። አማርኛ ሳይረዱ በትክክል የማይነበብ ቋንቋ ነው፤ መረዳቷን በ3 ሰከንድ፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ወረቀት፣ በጆሮ ብቻ ለማወቅ ይቻላል ማለት ነው። አደገኛ ነገር! እንግዲህ 64ቱን ባንድ ላይ ማስጮህ ይህን አደጋ ከሥሩ ያጠፋዋል። ማን አጠበቀ፣ ማን አላላ፣ አይታወቅም።

አባቶቻችን ይህን ብልሃት አላወቁም ነበር። የቆሎ ተማሪው በንባብ ቤት ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ደረጃዎች እያለፈ ያልገባውን የግዕዝ ቋንቋ በድምፅ ብቻ ያቃና ነበር፤ እስከዚህ ዘመናዊ ናቸው። ነገር ግን ቤቱን በዚያ አልዘጉትም፤ ወዲያ ማዶ የትርጓሜ ቤት ሠሩ፤ «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ የሚፈቱበት። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል» ሲሉም ይደመጡ ነበር። እኛ ወጪ ቀንሰን የመጀመሪያውን ቤት ብቻ አስቀረን። «አንድም» የሚል ተማሪ ዛሬ ቢገኝ መልሱ ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም መ ብቻ መሆኑ ይነገረዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ጥያቄውን በሌላ ቃል የሚጠይቅ መምህር ነው። ተጠንቀቁት። ምንባቡ «አልማዝ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ገባች» ይላል እንበል። ጨዋ መምህር «አልማዝ ጃንጥላዋን የት አራገፈች?» ብሎ ያልፋል። ያኛው ግን መጽሐፉን አስዘግቶ «ውጭ አየሩ እንዴት ነበር?» ይላል። ይህ እኮ ምንባቡ ውስጥ የለም! ጣት የሚያርፍበት ቃል የለም! ከዚያም ብሶ ሐሳቡን ጮክ ብሎ እያሰበ ያሳያቸዋል፦ «ጃንጥላ ይላል። ጃንጥላ ግን እኛ አገር ለፀሐይም ይዘረጋል፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃኝም። "አራግፋ" ይላል። ሰው ከጃንጥላ የሚያራግፈው ምንድን ነው? ውሃ። እንግዲያው ዘንቦ ነበር።» በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ይህንኑ ራሳቸው እንዲሞክሩት ጠይቆ ዝም ይላል። ዝም! ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመምህራንን ጥያቄዎች በሰዓት ለክታ ነበር፤ ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት 1 ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። እስቲ አስቡት፣ ኋላ ረድፍ መናገር ቢጀምር ሰዓቱን ማን ይመልሰዋል? የኛዎቹ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ «እሺ፣ ማን ይርዳው?» ይላሉ፤ የሚረዳውም ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው።

ስለዚያ አንዱ ካነሣን አንድ ለአምስትም ምስጋና ይገባዋል። አምስት ልጆች በአንድ ጎበዝ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ እሱ ይሠራል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። አምስቱም ያው መልስ፣ ያው የፊደል ስሕተት። ይህም «ተሳትፎ» በሚለው ዓምድ ይሞላል።

ባለፕሮጀክተሩ ሰውዬ ዘንድሮ ደግሞ ይዞት የመጣው «ግሮውዝ ማይንድሴት» ነው። ችሎታ ያድጋል ማለት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ላደገ ሕዝብ ይህን ለማስረዳት 74 ስላይድ ፈጅቷል። ጥናቱ ግን ቀልድ አይደለም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ የ5ኛ ክፍል ልጆችን እንቆቅልሽ አሠርተው ከፊሎቹን «ጭንቅላት አለህ»፣ ከፊሎቹን «በደንብ ሠርተሃል» ብለው አወደሷቸው። ቀጥሎ ከባድ ሰጥተው ጣሏቸው። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያው ቀላል ሲሰጧቸው ባለ ጭንቅላቶቹ ከቀድሞው ዝቅ አሉ፣ ባለ ሥራዎቹ ከፍ አሉ። ውጤታችሁን ለማታውቁት ልጅ ጻፉ ሲባሉም ከባለ ጭንቅላቶቹ ከ10 ወደ 4 የሚጠጉት ዋሹ። የኬኩ ባለቤቶች፣ ይህን አንብባችሁ ክሬሙን ቀጥሉ።

ሠልጣኞቻችን ከዚያ ሁሉ ይዘው የወጡት አንድ ቃል ነው፦ «በርቱ!» ጉንጥፌን 3 ጊዜ ገልብጦ ያልገባው ልጅ «በርታ» ይባላል፤ 6 ጊዜ ይገለብጣል። ድዌክ ራሷ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ጥረትን ብቻ ማሞገስ ሐሳቡን ማጣመም እንደሆነ ጽፋለች፤ ያልሠራው ዘዴ ካልተቀየረ ጥረቱ የትም አያደርስም። ግን ዘዴ መቀየር የመምህሩ ሥራ ይሆናል፤ «በርታ» ደግሞ የልጁ። የትኛው እንደሚመረጥ ግልጽ ነው።

ቋንቋችንም ተባብሮናል። «ሰነፍ» ያልሠራ ሰው ስም ነበር፤ ዛሬ ሲታገል ውሎ ያልገባውን ልጅ እንጠራበታለን፤ እንደ ደም ዓይነት የማይለወጥ ይመስል። «ጎበዝ» ደግሞ አገር በጭንቅ ጊዜ «የጎበዝ አለቃ» መርጦለት የሚያሰልፈው ጀግና ነበር፤ አሁን ፈጥኖ የሚገለብጥ ነው።

ቀልዱን እዚህ ላይ ተዉልኝ። የስምንት ዓመት ልጅን ከኋላ አስቀምጦ፣ ረድፉን «የሰነፎች» ብሎ ሰይሞ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብቻዋን ስታነብ ሳይሰሙ «አይገባትም» ማለት ጭካኔ ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶ ስለ ታሪኩ አንድም ጥያቄ አልመለሱም። በ2014 ዓ.ም. ከ896 ሺህ በላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሲሆኑ «ትውልዱ ሰነፍ ነው» ያላችሁ ሰዎች፣ ሲሶው ክፍል አንድ ቃል ማንበብ ሳይችል ባንድ ድምፅ ሲያስጮኹት የት ነበራችሁ? ያ ሁሉ ልጅ የሰው ጭንቅላት ሳይደርሰው ተወለደ ልትሉን ነው?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው። ሬክትና ሌስሊ የተባሉ አጥኚዎች በ1988 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ 64 ልጆችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ አስነብበው ነበር። በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ነገር ግን ቤዝቦል የሚያውቁት፣ ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች በልጠው ተረዱ። ይህ ለእኛ አይሠራም። እረኛውን ልጅ ስለ ከብት፣ የሱቋን ልጅ ስለ ዱቤ ብናስነብብ ሊገባቸው ነው፤ ከገባቸው ሊጠይቁ ነው፤ ከጠየቁ ገጽ 48 ሊደረስ አይደለም። ስለ ሸመንቶ ማንም ምንም ስለማያውቅ ፍትሐዊው ምንባብ እሱ ነው።

የኋላ ረድፏ ልጅ በመንፈቅ ዓመቱ 58ኛ ወጥታለች። ጥያቄ 3ን ባዶ ትታ ከጎኑ በእርሳስ «ቅምጮ ምን እንደሆነ አልተነገረንም» ብላ ጽፋለች፤ ዜሮ ተሰጥቷታል። ካርዷ ላይ የመምህሩ አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄ ታበዛለች። ትበርታ።»