ካምቢዮው ይውረድ!

ዛሬም «ካምቢዮው ይውረድ» ተባልሁ፤ የማርሽ ሳጥኑ ተፈትቶ ይውረድ ማለት ነው። ሦስተኛ ጋራዥ፣ ሦስተኛ መካኒክ፣ አንድ ፍርድ! ሰውየው አሮጌዋን ሚኒባሴን እንኳ አልነዳትም። እጁን በጨርቅ ጠረገና ፈረደ። ሐኪም ሳል ሰምቶ «ሆድ ይቀደድ» ይላል?

ሞተሩ ሲጠፋ ማርሹ ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል። ሲነሳ አንደኛ እምቢ፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ ኪርርር! ታዲያ ይህ የካምቢዮ ጥፋት ነው ወይስ ሲረገጥ ሞተሩን ከካምቢዮው በደንብ የማያላቅቅ ፍሪሲዮን? ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ስረግጠው ይገባልኛል። የፍሪሲዮን ዘይቱ በየሳምንቱ ይጎድላል። ከፔዳሉ ሥር ምንጣፉ ርሷል፤ ጣቴን ነክሬ አሳየሁት። «አብሽር፣ ወርዶ ይታያል» አለኝ።

አምና የወረደው አልበቃም? ያኔ ሲገጠም ሁለት ብሎን ተረፈ። ተረፈ! በላስቲክ ቋጥረው «ትርፍ ነው» ብለው ሰጡኝ፤ አሁንም ከመሪው ፊት ይንኳኳሉ። ለነገሩ ለማውረጃው ሲያስከፍሉ ምንም አልረሱም።

እስከዚያው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ፣ እጄ ወደ ማርሹ ሲሄድ ግማሹ ተሳፋሪ «በስመ አብ»፣ ግማሹ «ቢስሚላህ» ይላል።