ባናው ንጹህ ነው፤ ምድጃውስ?

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛ ከአዲስ አበባ ደወለች። የምንሠራውን የበግ ፀጉር ምንጣፍ ቴሌግራም ላይ አይታ ነው። ስለ ስፋቱ አወራን፤ ዋጋው ላይ ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ «ኢኮ ነው አይደል?» አለችኝ፤ ተፈጥሮን አይጎዳም ወይ ማለቷ ነው። «አዎ» አልኳት። ቅር እንኳን አላለኝም።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አማቴ ጓሮ ሆነው በኩበት እንጀራ ይጋግራሉ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጭሱ የተሰጣውን ፀጉር እያጠነ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ዋሽቻለሁ እንዴ? ምንጣፉ ላይ ላስቲክ የለም፤ የፋብሪካ ቀለምም የለም። ነጩም ጥቁሩም ቡናማውም በጉ ይዞት የተወለደው ነው። ያ እውነት ነው። ልጅቷ ግን የጠየቀችኝ ስለ ምንጣፉ ብቻ ነው። ስለ ምድጃችን የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝም ይኸው ነው።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ብርዷን ላልቀመሰ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ኅዳር ላይ ጠዋት በር ሲከፈት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቀን።

ባለቤቴ ይህን ሥራ የጀመረችው ተናዳ ነው። አንድ ዓመት የአማቴ አገር፣ የመንዟ መሃል ሜዳ፣ ሄደን ሳለ ሰዎች በግ ሸልተው ፀጉሩን ገደል ሲጥሉት አየች። ለምን ስትላቸው «ማን ይፈትለዋል ብለሽ ነው?» አሏት። የመንዝ በግ ማለት እኮ ባና ነው፤ ዝተት ነው። የዚያ አገር ሰው ብርዱን የቻለው በእሱ ተጠቅልሎ ነው። አሁን በየሱቁ ባለ አበባውና ባለ ነብሩ የፖሊስተር ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ይለሰልሳል፣ ይቀላል፣ ዋጋውም ይቀመሳል። ከነዳጅ ተዋጽኦ የተሠራ መሆኑን ማን ያስባል? እኔም አላስብም ነበር። ሳልዋሽ ልናገር፤ የልጆቼ አልጋ ላይ ዛሬም ያለው ባለ ነብሩ ነው።

ሦስት ጆንያ ፀጉር ከነፃ በማይሻል ዋጋ ገዝተን፣ መኪና ላይ ጭነን ተመለስን። አንዱን ጆንያ በሁለት ወር ውስጥ ብል ጨረሰው። ሁለተኛውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ቶሎ ይጥራ ብዬ በፈላ ውሃ፣ በዱቄት ሳሙና አሸሁት። የበግ ፀጉር ሙቀትና እሸታ ሲበዛበት እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈታው የለም። አማቴ አገላብጠው አዩትና «ይሄ ለኮርቻ ሥር ይሆናል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋሪ ላለው ጎረቤታችን ሰጠነው፤ ፈረሱ እስካሁን ይገለገልበታል።

አሁን ትንሽ ገብቶናል። ፀጉሩ መጀመሪያ በቀዝቃዛ የዝናብ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ሳሙና የለም። የበጉ ላብ ራሱ የሳሙናን ሥራ ይሠራል። ውሃው ሲወጣ ቡናማ ነው፣ ይሸታል። ፖታሲየም ስላለበት ግን ጎመኑ ይወደዋል። አጭር አጭሩና የሆዱ ፀጉር ለፈትል አይሆንም፤ እሱን ድንች መደቡ ውስጥ እንቀብረዋለን። እርጥበት ይይዛል፣ ቀስ እያለም በስብሶ አፈሩን ያለመልማል። የቀረው ተነድፎ ለአማቴ እንዝርት ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ሥራው ያምራል። ፎቶ ሲነሳም ያምራል።

ራስ ምታቱ መሃል ላይ ያለው ለብ ያለ ውሃ ነው።

የፀጉር ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። በመጀመሪያው ዓመት ውሃውን በባሕር ዛፍ እንጨት እናሞቅ ነበር፤ እንጨት ሲወደድ ደግሞ በኩበት። ባለቤቴ ደብተር ያዘች። የገዛነውን እስር እንጨትና ጆንያ ኩበት በየቀኑ ትጽፋለች። በወሩ መጨረሻ ደመረችው። ለማገዶ ያወጣነው ለፀጉሩ ካወጣነው ይበልጣል። ገንዘቡን ተዉት። ያን ሁሉ ማገዶ አንድደን የሠራነውን ምንጣፍ ነው «አረንጓዴ» እያልን የምንሸጠው።

ከዚያ ወዲህ ጀሪካን ጥቁር ቀለም ቀብተን ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እናስተኛለን። ስምንት ናቸው። (አዎ፣ ጀሪካኑ ላስቲክ ነው። አውቃለሁ።) በውርጭ ጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ክዳኑን ስከፍት አንገቱ ላይ ስስ በረዶ ረግቶ አገኛለሁ፤ ትንሹ ልጄ በጣቱ ሰብሮ ይልሰዋል። ያው ውሃ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅ ሲነክሩበት ደስ ይላል። የደጋ ፀሐይ አትናቅም። ደመና በሆነ ቀን አንድ ብረት ድስት የፈላ ውሃ እንቀላቅልበታለን፤ ወይም ጭራሽ አናጥብም። ደንበኛ ይጠብቃል። የክረምት ትዕዛዝ የሚዘገየው በዚህ ነው።

ሳሙናውን በተመለከተ አማቴ እንዶድ አመጡ። ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት የኖረው እንዶድ። እኔ «ተፈጥሯዊ ነው» ብዬ በኩራት እጣቢውን ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ቦዩ የሚወርደው ወደ በሬሳ ወንዝ ነው። ማታ ትልቋ ልጄ «አባዬ፣ እንዶድ እኮ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ተምረናል» አለችኝ። ልክ ናት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መቆጣጠር እንደሚቻል ያሳየው ምርምር የተነሳው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለውበታል። ለበሽታ መከላከያ ትልቅ ነገር ነው። ወንዝ ውስጥ ላለ ዓሣ ግን መርዝ ነው። አሁን እጣቢያችን ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚለውንም ከቴሌግራማችን ላይ አወረድነው። ባለቤቴ ደስ አላላትም፤ ገዢ የሚስበው እሱ ነበር።

እንጀራው ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል።

በሰሜን ሸዋ ደጋ የድሮው ደን ድሮ አልቋል። የቀረው ባሕር ዛፍና ኩበት ነው። ከከተማ ወጣ ብላችሁ በየግቢው የተከመረውን ኩበት እዩ። ዝናብ እንዳያስገባ ላዩ በእበት ተለስኗል፤ ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ጎጆ ይመስላል። ያ ክምር ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ ነው። ገበሬው ፍጉን አንድዶ ማዳበሪያ በዕዳ ይገዛል። ገብስ ሲያበቅል የነበረው መሬት ደግሞ እየተቆራረጠ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ፈጥኖ ብር ይሆናላ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ቀዝቃዛ አገር ነው። ኩበት የምትጠፈጥፍ እናት ፊት ቆሞ ስለ አፈር ለምነት የሚሰብክን ሰው እግዜር ይይለት። አማራጭ ኖሯት አይደለም።

እኛ ከተሜዎቹ ግን አማራጭ አለን፤ ቢያንስ ግማሽ። ምጣዳችን የኤሌክትሪክ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ችግሩ ያለው እኛ ሠፈር ሲደርስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ መብራቱ ይፈዝና ድርግም ይላል። አሁን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ተራ ይዘናል፤ እኛ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ነን። ይሠራል። መብራት ጨርሶ ሲጠፋ ነው ወደ ኩበት የምንመለሰው።

ለዚያ ቀን ብዬ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃ ገዛሁ። ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጋዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። አማቴ አልወደዱትም። «እሳቱን ካላየሁት መብሰሉን በምን አውቃለሁ?» አሉ። ሁለት ወር ቆርቆሮ ሥር ተቀመጠ። አንድ ቀን ጭሱ ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸው ራሳቸው ጎትተው አወጡት። አሁን የሚጋግሩት በእሱ ነው፤ ማማረራቸውን ግን አልተዉም።

ባዮጋዝስ የሚለኝ አለ። ላም የለንም። ያለውም ሰው ቢሆን እንዲህ ባለ ብርድ ጋዙ ያንሰዋል። እንጀራ ደግሞ ሰፊ እሳት ነው የሚፈልገው።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ባለፉት ዓመታት ስለ «አረንጓዴ ሥራ» ብዙ ሥልጠና ወስደናል። ኮፍያ አለን፤ ቲሸርትም አለን። ሰርተፍኬታችን ግድግዳ ሞልቷል። ስለ ማሸጊያ፣ ስለ አርማ፣ ስለ ፎቶ አነሳስ ተምረናል። አንድም አሠልጣኝ «ቤታችሁ የሚበስለው በምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። የብድር ቅጹም አይጠይቅም። የልብስ ስፌት መኪና በብድር ይገኛል፤ ምርጥ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን «የቤት ዕቃ» ነው ተብሎ ይታለፋል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ እኮ የቤት ዕቃው የሥራ ዕቃው ነው!

ሁላችንም ፌስታሉ ላይ ነው ያተኮርነው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ሲጸድቅ ደስ ብሎኛል፤ ልክም ነው። (በ1999 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ይከለክል ነበር። ማን ሰማው?) ፌስታል አጥር ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ያሳፍራል። የነደደ ፍግ ግን አይታይም። አመድ ሆኖ ይጠረጋል። የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያውም በገብሱ ቁመት።

አማቴ ስለ ጓሳ፣ መንዝ ውስጥ ስላለው የደጋ ሣር ምድር፣ ሲያወሩ ደስ ይለኛል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ለቤት ክዳን የሚታጨደው፣ ለገመድ የሚሆነው ያኔ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ቆይቶ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አስቀጠለው። ዛሬም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦታ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይዞ አለ። እዚያ ዋናው ጥያቄ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ይወስዳል የሚል ነበር። የባለቤቴን የማገዶ ደብተር ሳይ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። በዚህ ዓመት የጻፈችው ኩበት ከአምናው ከግማሽ በታች ነው። ዜሮ አይደለም። ዜሮ ነው ብዬ አልሸጥም።

የአዲስ አበባዋን ደንበኛ ምንጣፍ ስንልክ ባለቤቴ በአሮጌ የፋብሪካ ወረቀት ጠቅልላ ትንሽ ማስታወሻ አያያዘችበት። «ፀጉሩ የታጠበው ፀሐይ ባሞቀው ውሃ ነው። በተፈተለበት ሳምንት እንጀራችን አንድ ቀን በመብራት፣ አንድ ቀን በኩበት ተጋግሯል» ይላል።

በሦስተኛው ቀን ተደወለ። ምንጣፉን ወዳዋለች። ሁለተኛ አዘዘች። «ኩበቱ ግን ከምንጣፉ ጋር ምን አገናኘው?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ይሄኛው ለሠርግ ስጦታ ስለሆነ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ እንድናሽግላት ጠየቀች።

ባለቤቴ ስልኩን ይዛ ዝም ብላ አየችኝ። አማቴ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ምን አለች?» አሉ።

«ላስቲክ ትፈልጋለች፣ እማዬ።»

«ስጫታ» አሉ አማቴ። «ብል አይገባበትም።»